የኪሩን ቃላት እኔ እጠይቅሻለሁ

ለውድ ልጄ ለሐመልማል፣ ቡዳፔስት።

የወንድምሽ መርዶ ደጄን ካንኳኳበት ማለዳ ወዲህ እስክሪብቶ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እህል ትቀምሻለሽ ወይ? እኔ ናፍቆትሽ ከኪሩ ሐዘን ጋር ተደርቦብኝ ነው እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። በስልክ ስንገናኝ ልቅሶው እየቀደመን ነገር አልወጣ ስላለን፣ ቀስ እያልኩ በእጄ ጻፍኩልሽ። የጎረቤታችን የሚልካ ልጅ ወደዚያ ስለምትመጣ ይዛልሽ ትመጣለች።

ያን ማለዳ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዘርዓብሩክ ከነጎረቤቱ በሩ ላይ ቆመው ሳያቸው ገባኝ። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለደግ አይመጣም። «የትኛው ልጄ ነው?» አልኳቸው። ለጥናቱ መረጃ ሊሰበስብ ጎጃም የተሻገረው ኪሩ መኪናው ተገልብጦ መሞቱን እስኪነግሩኝ ድረስ፣ ሁለታችሁንም ቀበርኳችሁ።

ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ሴቶቹ አልጋውንም ቁም ሣጥኑንም ሲያወጡ፣ ኪሩ በየግድግዳው የለጠፋቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ጎረቤታችን ሳቢት አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ክፉ አስባ አይደለም፤ የሐዘን ቤት ግድግዳ ባዶ ይሁን ብላ ነው። እኔ ግን ልጄ ዳግመኛ ከቤት የወጣ መሰለኝ። ደግነቱ አልጣለቻቸውም። በፌስታል አኑራ ከአርባው በኋላ መለሰችልኝ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ባንቺ ፋንታ ቃላቱን የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ ከባድ ቃላት ናቸው ይለኛል። እንዳልቸገር ከጀርባቸው ድምፃቸውን በእኛ ፊደል ይጽፍልኛል፤ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ትርጉሙን ይመልሳል። ሲስት ራቱን አዘገይበታለሁ። እማዬ፣ እንዳንቺ ያለ ክፉ ፈታኝ ዩኒቨርሲቲውም የለው እያለ ያስቀኛል። አንድ ቀን «አሊቪየት» ብዬ ብጠይቀው፣ ሕመምን ሳያድኑ ማስታገስ ነው አለኝ። ጎረቤቶቼም ያደረጉልኝ ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በላይ ከሰው እጅ ምን ይመጣል?

ሐመልዬ፣ ቃላቱን ባየሁ ቁጥር እሱ ይመጣብኛል፤ ትምህርቴን ትቼ ልምጣ ያልሽውንም ሌት ተቀን አስበዋለሁ። ነይ ለማለት አፌን ይበላኛል። ሸጎሌ ታክሲ ሲቆም ወራጁን ሁሉ አያለሁ። ከጳውሎስ በኩል ቦርሳ ያዘለች ተማሪ ስትመጣ አረማመዷ ያንቺን ይመስለኛል። ግን አሁን አትምጪ፤ ጨርሰሽ ነይ። የእሱ ጽሑፍ መንገድ ላይ ቀረ። ያንቺም ከቀረ እኔ በምን ልጽናና? ማታ ማታ ደውይልኝ፤ ከፌስታሉ እያወጣሁ እጠይቅሻለሁ። ብታለቅሺ እጠብቅሻለሁ፤ ትርጉሙን ሳትነግሪኝ ግን ስልኩን አልዘጋም።

አያትሽ እማማ የዓለምወርቅ ጉንጭሽን ይስማሉ። ሳቢትና ጋሽ ዘርዓብሩክ ሰላም ብለውሻል። መርዶውን ስትሰሚ አቅፋሽ ላደረችው፣ አብራሽ ለምትኖረው ለረይሃና ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ረይሃናም በሃይማኖቷ፣ ልጄን በጸሎት አስቡልኝ። ቤተ ክርስቲያን ኪሩ ብላ አትጠራውም፤ ወልደ ሰንበት በሉት። ነፍሱን ይማርልኝ በሉ።

እናታችሁ ደሳለች
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.