በባለቤቴ ስልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017፣ ዓለም ገና

ለማንም ነግሬው የማላውቅ ነገር አለኝ፤ የእድራችንን የቴሌግራም ግሩፕ የማነበው በሟቹ ባለቤቴ በበቀለ ስልክ ነው። ስሙን ከግሩፑ ያወጣው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቃል ሳልጽፍ አነበብኩ። ጎረቤት ሲታማም ዝም ብዬ አነበብኩ፤ ማንበብ ብቻውን ኃጢአት አይመስለኝም ነበር።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ወርቄ፣ እህቴ ያልኳት ወርቄ፣ "በቀለን እኮ የገደለችው እሷ ናት፤ ጠበሉ ይበቃሃል ብላ መድኃኒቱን አስጣለችው" ብላ ጻፈች። እውነት ነው። ግን ይህን እያለቀስኩ የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር።

አንዱ ቀበል አድርጎ፣ "ኧረ ወርቄ፣ ኦቦ በቀለ ኦንላይን ናቸው፤ ራሳቸውን ጠይቂያቸው!" አለ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ።

ያን ጊዜ ጻፍኩ፤ "ወርቄ፣ እኔ ነኝ።" ላክሁት። ሁሉም አዩት፤ እሷም።

ልጃችን ጫልቱ ኮዬ ፈጬ ነው የምትኖረው። አባቷ መድኃኒቱን እየወሰደ የሞተ ይመስላታል። ወሬው ሳይቀድመኝ ነገ በጠዋት አውቶቡስ እሄዳለሁ። አፌ እንደማይታዘዝልኝ ስለማውቅ፣ እነዚህን ገጾች በእጇ እሰጣታለሁ።