አራት ቁጥር ሥር የነበረው ምሰሶ

የካቲት 2

የመጨረሻውን የመስኮት መዝጊያ ቀለም ቀባሁ። በውሃው በኩል ያሉት ስድስቱም አለቁ። ታላቅ እህቴ እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችና፣ ቤቱ ካንተ ይልቅ ወጣት ሆነ አለችኝ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የመርከበኞች ማረፊያ ነበር። እኔና እህቴ ከገባንበት ሁለተኛ ዓመታችን፣ እንግዳ መቀበል ከጀመርን ገና አንድ ወራችን።

ምሳ ላይ ሁለት እንግዶች ነበሩ። መስኮቱ ጋ ተቀምጠው ጀልባዎቹን እያዩ በሉ። ከምግብ ቤቱ መሃል የነበረው ምሰሶ ባይነሳ ኖሮ ምንም አያዩም ነበር... ቀና ስል፣ የላይኛውን ፎቅ ከያዘው ተሸካሚ እንጨት ጎን አንዲት ስንጥቅ አየሁ። ፀጉር የምታክል። ትናንት ነበረች?

የካቲት 5

ግንበኛው የውጪውን ደረጃ ሊጠግን መጣ። ስንጥቋን ሳላሳየው አያት። ወለሉን በእግሩ መታ መታ አድርጎ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር አለኝ።

ባንኮኒ፣ አልኩት።

ባንኮኒ! ወፍራም ምሰሶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ለሕክምና ከተማ በሄደችበት ሳምንት። ስትመለስ፣ አናጺው ለጌጥ የቆመ ነው ብሏል አልኳት። አናጺው ያለው ግን፣ "ጋሼ፣ መጀመሪያ ግንበኛ ይየው" ነው። አሁን እትዬና ግንበኛው ሰላም በተባባሉ ቁጥር ሮጬ መሃላቸው እገባለሁ።

ሰውየው ጀሶ በጥብጦ ስንጥቋ ላይ ለጠፈ። በምስማር ጫፍ ቀኑን ጻፈበት። ይሄ ምስክር ነው አለኝ፤ ቤቱ ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። በዘጠኝ ቀን ተመልሶ ያየዋል።

እትዬ ሳህን ይዛ ስታልፍ፣ ግድግዳውም ታሞ ፕላስተር ተለጠፈለት? በሉ መርፌም ውጉት አለች። ግንበኛው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰለኝ።

የካቲት 6

ጀሶው አልተሰነጠቀም፤ ሙሉ ነው።

የካቲት 8

ሙሉ። ዛሬ ብቻ ስንቴ መሰላል ላይ ወጣሁ? እትዬ፣ እዚያ ላይ ጎጆ ልትቀልስ ነው ወይ አለችኝ።

የካቲት 10

ተሰነጠቀ። ከላይ እስከ ታች፣ የጻፈውን ቀን ለሁለት ከፍሎ።

እንጨቱ እየደረቀ ይሆናል... ጀሶው ስስ ነበር ይሆናል...

ከበላዩ ያለው አራት ቁጥር ክፍል ነው። በሩ አልዘጋ ብሏል። መላጊያ ይዤ ወጣሁና ከታች ላግኩት። ዘጋ። ከዚያ እርሳሴን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ ክፍሉ መሃል ተንከባለለ።

የካቲት 11

ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ። ግንበኛው ቢመጣ ስለ ምሰሶው ይጠይቃል። ዝጉ ይላል። በ20 ደግሞ አሥራ ሁለት እንግዳ ይመጣል፤ አብረው የተማሩ ሰዎች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ክፍል ተይዟል። እትዬ አንሶላውን ካሁኑ ተኩሳ ጨርሳለች።

የተሰነጠቀውን ፈቅፍቄ ጣልኩት። በሻይ ብርጭቆ ጀሶ በጥብጬ አዲስ ለጠፍኩ። የእሱን ቀን ጻፍኩበት። የእሱ 5 ሆዷ ሰፊ ነው፤ እንደዚያው አደረግኳት። ጽሑፉ አምሮ ወጣ።

የካቲት 14

ግንበኛው መጣ። ጀሶውን ዳበሰ፣ በጥፍሩ መታ አደረገው። ቤቱ አርፏል፣ ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም አለ።

እትዬ ደስ አላት። እንግዲያው አራት ቁጥር ሦስት አልጋ ይጨመርበታል፣ ትልቁ ቁም ሳጥንም ይውጣ አለች። ይከብዳል አልኳት።

"ሰውየው እኮ ነው አርፏል ያለው። አንተ ብቻ ብትለኝ ኖሮ እፈራ ነበር።"

ቁም ሳጥኑን አራት ሰው ሆነን አወጣነው። አንዱን ማዕዘን የያዝኩት እኔ ነኝ።

የካቲት 17

የእኔም ተሰነጠቀ። የምስማር ጫፍ ያስገባል።

የካቲት 19

ልነግራት ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ምነው፣ ፊትህ አመድ መሰለ አለች። ሆዴን አመመኝ አልኳት። ሙቅ ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁትና ወጣሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

የካቲት 20

ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ምሳ ሰዓት ነበር። ከእንግዶቹ ሰባቱ አራት ቁጥር ተሰብስበው ስለ ድሮ አስተማሪያቸው እያወሩ ይስቃሉ። ሌሎቹ ታች ጠረጴዛ ላይ። ሳህን ሳቀርብላቸው እጄ ላይ ነጭ ብናኝ ወረደ። ከዚያ ድምፅ... ትልቅ አይደለም፤ ሰው ጣቱን ሲያንቋቋ የሚሰማው ዓይነት።

ውጡ አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁ። እሳት ነው ወይ አሉኝ። ወለሉ ነው አልኳቸው፤ ግድግዳውን ተጠግታችሁ፣ አንድ በአንድ። እነሱ አሁንም ይስቃሉ።

አሥራ ሁለቱም ውሃው ዳር ቆሙ፤ አንዷ በባዶ እግሯ። ቆጠርኳቸው። ደግሜ ቆጠርኳቸው።

እትዬ ማንኪያ እንደያዘች ወጣች። "አርፏል አላለም?"

"የእሱን ጀሶ ቀይሬዋለሁ። ምሰሶውንም ግንበኛ ሳላማክር ነው ያስነሳሁት።"

ቤቱን አየች፤ እኔን አላየችም። "ሰባት ሰው ከላይ አስቀምጠህ" አለች።

የካቲት 21

እንግዶቹ ትናንትና ሄዱ። ግንበኛው ወፋፍራም እንጨቶች አስጭኖ መጣ። ተሸካሚው ከሆዱ በኩል ተሰንጥቋል፤ መዳፉን አስገብቶ አሳየኝ። ጀሶውን መቀየሬን ነገርኩት፤ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። "በእኔ ጽሕፈት" ብቻ አለ።

መጋቢት 9

ምግብ ቤቱ ውስጥ ዘጠኝ መደገፊያ ቆሟል። አዲሱ ምሰሶ እስኪመጣ ከመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም። በጓሮ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ብቻ ክፍት ናቸው። ወንበር ሲንቀሳቀስ እንኳ ቀና እላለሁ።

እትዬ ታወራኛለች። ስለ ዳቦ፣ ስለ ሳሙና።

ግንበኛው አዲስ ጀሶ ለጥፏል። ቀኑን ያስጻፈው እሷን ነው።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አየሁት። ሙሉ ነው አልኳት።

እሺ አለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ መነጽሯን አድርጋ መጣች። ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷንም ያማታል።

"መሰላሉን ያዝልኝ" አለችኝ።

ያዝኩላት።