ጋዙን ማሰለፍ

ሰኞ
ሰፈሩ እንደሚያወራው በስተርጅና መርዝ አላፈላም። የምንሠራበት ዜኖን የተባለ ጋዝ መርዝ አይደለም፤ ጨረርም የለውም። የቀድሞ ተማሪዬ ሆዳን፣ ጅግጅጋ በምታስተምርበት ኮሌጅ ጋዝ ስታዘጋጅ አግዛታለሁ፤ ያ ብቻ ነው።

የዜኖን አቶሞች ጥቃቅን ማግኔቶች ናቸው፤ እንዳሻቸው ይዞራሉ። ብልቃጥ ውስጥ ሩቢዲየም ከተባለ ብረታማ ንጥረ ነገር ትነት ጋር አድርገን ሌዘር ስናበራባቸው ብዙዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። በሽተኛ እንዲህ የተሰለፈ ጋዝ ቢስብ፣ የኤምአርአይ ማሽን የሳንባውን ውስጥ አጥርቶ ያሳያል። እኛ ገና ሰው ዘንድ አልደረስንም። መሰለፋቸውን የሚናገረውን ምልክት በመለኪያ ብናይ ይበቃናል።

መሣሪያው የውሰት ነው። አዋሾቹ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ምልክት ካላዩ ጭነውት ይመለሳሉ፤ የሆዳንም ሥራ እዚያው ይቆማል።

ዛሬ ሞከርን። መለኪያው ዝም።

ማክሰኞ
አሁንም ዝም። ሌዘሩ ደኅና። ሙቀቱ ደኅና።

ሆዳን «ቲቸር፣ እኔው ነኝ ያበላሸሁት» አለች።

«ማስረጃሽ?»

ማስረጃ የሌለው ጸጸት አልቀበልም።

ባዶውን መለዋወጫ ብልቃጥ ከመደርደሪያ አውርጄ ጭምብሌን አንሥቼ አሸተትኩት። ጭስ! የወተት ዕቃ ጭስ።

የጽዳት ሠራተኛዋን ካድራን ጠየቅናት። አልካደችም፤ እንዲያውም ኮራች። አጥበን ያስቀመጥናቸውን ሁለቱንም ብልቃጦች በፍም አጥናቸዋለች። «ሳይታጠን የሚቀመጥ ዕቃ አለ እንዴ? የምትጨምሩበት እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

ሆዳን ሳቋ አመለጣት። «አባዮ ካድራ፣ እህቴ፣ ግመል አናልብበትም እኮ!»

«ታዲያ ምን ታደርጉበታላችሁ? መቼ ነገራችሁኝ?»

እውነቷን ነው። የጭሱ ቅሪት ሩቢዲየሙን እንደሚያበላሽብን ማንም አልነገራትም። እኔ በር ላይ «አይነካም» ብዬ እንኳ አልጻፍኩም።

ሆዳን መለዋወጫውን በኬሚካል አጥባ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ
የመለዋወጫውን አየር መጥጠን አዲስ ሩቢዲየምና ጋዝ ሞላን። ካድራ በሩን ያዘች፤ የኮሌጁን ዲንም ቢሆን «ቆይ» ብላ መለሰችው። ሌዘሩን አበራን። ጠበቅን።

መለኪያው ላይ አንዲት ሹል መስመር ብቅ አለች!

ሆዳን ጮኸች። እኔ «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። መስመሯ መጣች፤ ግን አነሰች። ለምን እንዳነሰች አላወቅንም። ተቀምጬ ውጤቱን ጻፍኩ።

ነገ በመጀመሪያ፦
ሌዘሩን ቀድሞ ማሞቅ።
ከብልቃጡ አጠገብ ያለውን የብረት ወንበር ማስወጣት፤ ሰልፉን ሳያፈርስብን አይቀርም።
እንግዶቹ ሳይደርሱ አንድ ጊዜ መሞከር።
መስመሯ ብታንስም፣ ያነሰችውን ራሷን ማሳየት።