በአካል አልቀረበችም ስለ ተባለችው ልጄ

ይድረስ ለጤና መድህን የአካል ጉዳት ድጋፎች ዝርዝር ወሳኝ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ አያስቸግርዎትም? ኩላሊትዎስ ደኅና ነው? ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንዲህ በየብልቱ እንደማይጠይቅ አውቃለሁ፤ ነገር ግን እርስዎ የሰውን አካል ክፍል በክፍል ለይተው ይህ ይከፈልበታል፣ ያ አይከፈልበትም የሚሉ ሰው ስለሆኑ፣ በጅምላ ሰላም ብልዎ ቅር እንዳይልዎ ሰግቼ ነው።

እኔ የኔሰው አምላኩ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን በብቸና ዳርቻ የምንኖርበት ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ልጄ ማስተዋል ልብስ ሰፊ ናት። አምና ከሞጣ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ የጀርባ አጥንቷ ተጎዳ፤ ከወገቧ በታች አይታዘዝላትም። ሽንቷ በራሱ ስለማይወጣ በቀን አራት አምስት ጊዜ በቀጭን ቱቦ ማውጣት አለባት፤ ስትቀመጥም ገላዋ እንዳይቆስል በአየር የሚነፋ መቀመጫ ያስፈልጋታል። ቱቦው ከተቋረጠ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቷን እንደሚያበላሸው ሞጣ የምትሠራው ነርስ ሲስተር ወይንእሸት ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ ሰጥታናለች። እንግዲህ የለመንነው ሁለት ነገር ነው፤ ቱቦና መቀመጫ። ኮሚቴዎ ስላደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቱቦውን ከወርቅ ጥርስ ቀጥሎ «ለምቾትና ለውበት የሚውሉ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ስላስቀመጡልን አመሰግናለሁ። ሽንት መሽናት ምቾት መሆኑን ሳላውቅ ስድሳ ሰባት ዓመት መኖሬ ያሳፍረኛል። ያለ ማንም ፈቃድ፣ ያለ ማንም ማኅተም፣ በየአጥሩ ሥር ስንት ጊዜ ተመችቶኝ ኖሯል! መንግሥት ይህን ሁሉ ዘመን በነፃ ሲያመቸኝ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንሁም።

ሁለተኛ፤ የመኝታ ቁስሏ አመርቅዞ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ስትገባ መድህኑ አልጋውንም መድኃኒቱንም ሳያንገራግር ከፍሏል። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ከልብ ነው፤ ሽሙጥ የለበትም። በሁለተኛው ጊዜ ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጥቶ እኔን አባቷን ማን ነህ ብላኛለች፤ ሐኪሞቹ ባይደርሱላት ዛሬ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር። የገረመኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦውንና ቁስሉን የሚከለክለውን መቀመጫ ስንጠይቅ የኮሚቴው ባለሙያ በታላቅ ትሕትና «አባቴ፣ አሁን በሽታ የላትም እኮ፤ ኩላሊቷ ሲታመም ይምጡ፣ ሙሉ በሙሉ እንሸፍናለን» አሉኝ። እኔ ሞኙ ስንት ትውልድ ተማሪ «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልሁ አሳስቻለሁ! በመመሪያው መሠረት ቅጠል የሚፈቀደው ለተቃጠለ ብቻ መሆኑን ለተማሪዎቼ ሁሉ በዚህ አጋጣሚ አስታውቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ይግባኝ ስንል «አመልካቿ በአካል ትቅረብ» ብለው ስለጠሩን ክብር ተሰምቶናል። በዚያ ሰሞን ቁስሏ ባጃጅ ላይ የሚያስቀምጣት ስላልነበረ የእድራችንን ቃሬዛ አወጣን፤ በደረቷ አስተኝተን፣ ፀሐዩ እንዳይመታት የእናቷን ጋቢ ከራስ እስከ እግሯ አለበስናትና ስምንት የእድር ሰዎች ተሸከሟት። ጥፋቱ የኛ ነው። ቀኑ ገበያ መሆኑን ዘንግተናል። የእድር ቃሬዛ፣ የእድር ሰው፣ የተሸፈነ ገላ ያየ ባላገር ምን ይላል? ወንዱ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ከኋላችን ተከተለ። ሬሳ እያዩ ማለፍ ነውር ነውና ማን እንደሞተ የጠየቀ አልነበረም። እትዬ ስርጉት የተባሉ የሰፈራችን አሮጊት ከሽንኩርታቸው ተነሥተው «እኔን! ያቺ እጀ ወርቅ ልጄ!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ሲጀምሩ፣ ማስተዋል ከጋቢው ሥር «እትዬ ስርጉት፣ ኧረ አልሞትሁም፤ ቢሮ እየሄድሁ ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ለቅሶውን አላቆሙም፤ እንዲያውም ባሰባቸው።

በዚህ ሁኔታ ሕንፃችሁ ሥር ስንደርስ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ነበር። እርስዎም በመስኮት አይተው ሰልፍ መስሎዎት በሩ እንዲዘጋ አዘዙ። ነገሩ ሲብራራ ተከፈተልን፤ ቃሬዛው ግን የደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። የአካል ጉዳተኛ ጉዳይ የሚታይበትን አዳራሽ ከሁለተኛ ፎቅ ላይ ያደረገው ሰው ነገሩን በጥልቀት ያሰበበት መሆን አለበት። አንድ ሰው ወርዶ ይያት ብለን ለመንን፤ ደንቡ አይፈቅድም ተባልን። ልጄ ከደረጃው ሥር በደረቷ ተኝታ ሁለት ሰዓት ጠበቀች፤ ከላይ የመጣው ወረቀት «አመልካቿ በአካል ስላልቀረበች ይግባኙ ውድቅ ሆኗል» ይላል። ወረቀቱን ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ጋቢውን ራሷ ስባ ፊቷን ሸፈነች። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ እንደጠላሁዎ ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

አራተኛ ብዬ ስለ ቢሮዎ ሽንት ቤት ልጽፍ ነበር፤ ምቾት ነውና ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ መልካሙ ዜና ልምጣ። በዚያው ሳምንት እሑድ እድራችን ተሰበሰበ። የእኛ እድር ደንብ ከእናንተ የባሰ ጥብቅ ነው፤ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም። የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረ ኪዳን ድንገት ብድግ አሉ። «ምን ያስጨንቀናል? ቃሬዛው ወጥቷል፣ ሰው ተከትሏል፣ ስርጉት አልቅሳለች። ከቀብር የቀረ አፈሩ ነው። ጸሐፊ፣ ጻፍ!» አሉኝ። አንድም ሰው አልተቃወመም።

ጻፍሁ። «ማስተዋል የኔሰው፣ ሞተች» ብዬ በገዛ እጄ፣ በገዛ ብዕሬ ከሙታን ረድፍ ልጄን አስገባኋት። ያን መስመር ጽፌ ስጨርስ ሰዎች ብዕሩን ተቀበሉኝ። ለቀብሯ በሚወጣው ገንዘብ ቱቦውና መቀመጫው ከባሕር ዳር ተገዝቶ፣ በሚኒባስ ሞጣ ደርሶ፣ ከዚያ ለእኛ ተላከ። በእርስዎ መዝገብ በሕይወት ሳለች ያላገኘችውን በእኛ መዝገብ ሞታ አገኘች። ቁስሏ ጠግጓል። ዛሬ ይህን ስጽፍ መቀመጫዋ ላይ ተቀምጣ፣ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና የእድሩን የተቀደደ ድንኳን እየሰፋች ነው። ሟች የራሷን የለቅሶ ድንኳን ስትጠግን ማየት ለኮሚቴው አባላት ትምህርት ሊሆን ስለሚችል፣ ቤታችን ደረጃ የለውምና በአካል እንዲቀርቡ በአክብሮት ተጋብዘዋል።

ጉልበትዎን ደረጃ፣ ወገብዎን ወንበር፣ ኩላሊትዎን ዝርዝር እንዳይፈትነው እየተመኘሁ፣ ከሙሉ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የኔሰው አምላኩ
የእድር ጸሐፊና የሟች አባት

ማሳሰቢያ፤ የእድሩ ደንብ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲሞት አይፈቅድም፤ የተገዛው ቱቦ ደግሞ እስከ ጥር ነው የሚያደርሳት። ስለዚህ በየካቲት እኔ እሞታለሁ፤ አቶ ገብረ ኪዳን ተስማምተዋል። ከእኔ ቀጥሎ እናቷ ፀሐይነሽ ተራ ይዛለች። ዝርዝሩ የሚከለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ብላችሁናል፤ እኛ ቤት ግን ያለነው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።