«እንዴት ሰነበትሽ?» ብለው ማከም የጀመሩት የክሊኒካችን ኃላፊ ዕረፍት

ለኮሌጁ መምህራን፣ ለአስተዳደር ሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና በየሥራ መስኩ ለተሰማራችሁ ምሩቃን በሙሉ፤

የተማሪዎች ጤና ክሊኒካችን ኃላፊ የነበሩት ሲስተር ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ሆነው በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የኮሌጁ ማኔጅመንት፣ የክሊኒኩ ባልደረቦችና የተማሪዎች ኅብረት የተሰማንን መሪር ሀዘን የምንገልጸው በአንድ ድምፅ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው በዚህ ግቢ ካለፉት ተማሪዎች ብዙዎቹ የመዝገብ ስማቸውን ላያውቁ ይችላሉ፤ «ሲስተር ቁጭ በሉ» ሲባል ግን የማያስታውሳቸው የለም። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። በር ከፍቶ የገባ ሰው ሳይቀመጥ ስለ ሕመሙ አንዲት ቃል እንዲተነፍስ አይፈቅዱም ነበርና።

ሲስተር ሥራ የጀመሩት ክሊኒኩ ከሬጅስትራር ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ብቻ በነበረበት ዘመን ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች አረንጓዴውን በር፣ መርፌ የሚቀቀልበትን ድስት፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚቆመውን ቴርሞሜትር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ጨምሮ የሚናገረውን የብረት ሚዛን እናስታውሳለን። ሚዛኑ ይስተካከል ሲባል፣ «ተዉት፤ ለእናቶቻቸው ደብዳቤ ሲጽፉ ወፈርን እንዲሉ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

የክሊኒኩ ሥራ ያኔ አጭር ነበር። ተማሪ ይመጣል፣ «ምን ያምሃል?» ይባላል፣ ክኒን ወይም የሕመም ፈቃድ ይዞ ይወጣል። «ራስህ ቢታመም እግርህ ቢሰበር ክኒኑ ያው ነው» የሚለው የተማሪዎች ቀልድ ያለ ምክንያት አልተነገረም። ሲስተርም የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት በዚሁ አሠራር ሠርተዋል። ይህን ሸሽገውት አያውቁም፤ እኛም አንሸሽገውም።

በአገልግሎታቸው ስድስተኛ ዓመት። አንዲት የቅየሳ ትምህርት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «ራሴን አመመኝ» ብላ መጣች። ሦስቱንም ጊዜ ክኒን ተሰጣት። ከዚያ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን ተሻላት ብሎ ካርዷን ይዘጋ ነበር። ሲስተር ግን ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ነገሩ አላስቀምጥ አላቸው። ነጭ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ ወደ ሴቶች ማደሪያ ሄዱ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይም ተማሪዋን በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታ አገኟት። ክፍል ከገባች አሥራ አንድ ቀን፣ እህል ከቀመሰች ሁለት ቀን እንዳለፋት የክፍል ጓደኞቿ ነገሯቸው።

ቀጥሎ የተባለውን ሲስተር፣ በተማሪዋ ፈቃድ፣ ለአዳዲስ ነርሶች ደጋግመው ይነግሩ ስለነበር እንደሰማነው እናሰፍረዋለን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «የኔ ልጅ፣ ራስሽን አሁንም ያምሻል?» ሲሉ ጠየቋት።

«ራሴንስ አሞኝ አያውቅም፣ ሲስተር» አለች፤ ክኒኖቹንም እንደተጠቀለሉ ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ታዲያ ስትመጪ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

«እናቴ ሞታለች። አራት ወሯ ነው። እዚህ ለማንም አልተናገርኩም፣ ሆዴ ውስጥ ይዤው ነው የከረምኩት። ክሊኒክ ተገብቶ ‹ከፍቶኛል› ይባላል እንዴ?»

ሲስተር በዕለቱ ያደረጉት ተማሪዋን ደግፎ ወደ ክሊኒኩ መውሰድ፣ ትኩስ ነገር ማስቀመስ፣ ለአባቷ ስልክ መደወል ነው። በማግስቱ ራሳቸው ይዘዋት ሆስፒታል፣ ከሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ተማሪዋ አንድ ሴሚስተር ቤቷ አርፋ ተመለሰች፤ ተመረቀችም። ዛሬ መንገድ ትቀይሳለች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ። ሲስተር የሕክምና ካርዱን በእጃቸው እንደ አዲስ ጻፉት። «ምን ያምሃል?» የሚለው የመጀመሪያ መስመር ተሰርዞ «እንዴት ሰነበትክ?» ገባበት፤ ከሥሩም እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ፣ ሲከፋህ ለማን ትነግራለህ የሚሉ ጥያቄዎች ተከተሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላም ቦርሳቸውን አንግተው በየማደሪያው መዞር ጀመሩ።

ይህ ለኮሌጁ አልተዋጠለትም። የወቅቱ ዲን «ክሊኒክ በሽተኛ ይጠብቃል እንጂ በሽተኛ አያሳድድም» አሉ፤ ያለ ፈቃድ የሥራ ቦታ በመልቀቅ የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ተሰጣቸው። ሲስተር ደብዳቤውን ፈርመው ተቀበሉ። «መልካም፤ ዛሬ ግን ሐሙስ ነው» አሉና ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ያ ማስጠንቀቂያ ከማህደራቸው የወጣው ገና ትናንት ነው። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ በሕይወት ሳሉ ይህን አለመናገራችን ይጸጽተናል። ይህ አንቀጽ እንዲጻፍ የጠየቁን፣ ዛሬ በጡረታ ላይ የሚገኙት እኚያው ዲን ናቸው።

ስምንተኛው ዓመት። የክሊኒኩ በር ከካፍቴሪያው ሰልፍ ትይዩ ስለነበር ማን ገብቶ ማን እንደወጣ ምሳ ሳይበላ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። በመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ልጆቹ ለምን ይደብቃሉ?» ሲል ሲስተር፣ «በሩን አደባባይ ላይ የከፈትንባቸው እኛ አይደለን?» ብለው መለሱ። በአትክልቱ በኩል ሁለተኛ በር ተከፈተ። የሠሩት የኮሌጁ አናጢ፣ የሲስተር ባለቤት ነበሩ። «ቤቴ የተሰበረ ወንበር ሦስት ዓመት ይጠብቀኛል፤ እሷ የሰው በር ታሠራኛለች» እያሉ መዶሻ ሲያነሱ ያየናቸው እናስታውሳለን። በበሩ የሚገባው ተማሪ በስሙ ሳይሆን በካርድ ቁጥሩ ይጠራ ጀመር።

አሥራ ሁለተኛው ዓመት። አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት፣ ነባሩም በየተራው ዓይኑ፣ ጆሮውና የደም ግፊቱ እንዲታይ አደረጉ። አንድ የሒሳብ መምህራችን «ሰነፍ ነው፣ ከጎረቤቱ ይገለብጣል» ያሉት ልጅ ሰሌዳው ላይ ያለውን እንደማያይ የታወቀው ያኔ ነው። መነጽር ተደረገለት። መምህሩ አፍረው ይቅርታ ሊጠይቁ ክሊኒኩ ድረስ መጡ፤ ሲስተርም «እስቲ ቁጭ በሉ» ብለው የእሳቸውንም ዓይን ለኩ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት መነጽር አድርገው ክፍል መግባታቸው የዓመቱ መሳቂያ ሆኖ ከረመ።

አሥራ ሰባተኛው ዓመት። ከየማደሪያው ሕንፃ ሁለት ሁለት ተማሪ መርጠው የማድመጥ ሥልጠና ሰጡ። ተማሪዎቹ ራሳቸውን «ጆሮዎች» ብለው ሰየሙ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ «ጆሯችሁ የሰማውን ለአፋችሁ አትንገሩ፤ ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ግን ለእኔ ንገሩኝ»። ጆሮዎቹ ዛሬም በየሕንፃው አሉ። በየዓመቱ ስንት ተማሪ በእነሱ በኩል ወደ ሐኪም እንደደረሰ በሪፖርት እናውቃለን፤ ስንቱ በነሱ ምክንያት ትምህርቱን እንዳላቋረጠ ግን የሚቆጥርልን የለም።

ባለፈው ዓመት ሲስተር ራሳቸው ታመሙ። የምርመራ ውጤታቸውን በተቀበሉ ዕለት ወደ ክሊኒኩ መጡና ለራሳቸው ካርድ አወጡ። በታካሚው ወንበር ተቀምጠው፣ እሳቸው ያሠለጠኗት ትንሿ ነርስ ስትጠይቃቸው ሁሉንም በየተራው መለሱ። እንቅልፍ እንደሌላቸው ነገሯት። እሷ የደም ግፊታቸውን ጽፋ ካርዱን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዙና «ፈርቻለሁ። ይኼንንም ጻፊው» አሏት። ነርሷ ጻፈች። ከዚያም ሁለቱ እስኪመሽ ድረስ አብረው ተቀመጡ።

ዛሬ ክሊኒኩ ስድስት ክፍሎች፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪና ሁለት ነርሶች አሉት። ጎብኚዎች አዲሱን አሠራር አይተው ከየት እንዳመጣነው ይጠይቁናል። ከሩቅ አላመጣነውም፤ አንዲት ነርስ የማደሪያውን ደረጃ ወጥታ ነው ያመጣችልን። ያንን አንድ ክፍልና ያንን ዘመን የምንናፍቀው ጥሩ ስለነበር አይደለም፤ እሳቸው ውስጡ ስለነበሩ ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት በትዳር አብረዋቸው ለኖሩት ባለቤታቸው፣ ለአንዲት ልጃቸው፣ ለታላቅ ወንድማቸው፣ የከፋውን ተማሪ ቀድመው ስለሚያዩ «የክሊኒኩ ዓይን» ይሏቸው ለነበሩት የጽዳት ሠራተኛ ባልደረባቸው፣ እንዲሁም በእጃቸው ለታከሙ ሁሉ መጽናናትን ከልብ እንመኛለን። ሆዳችሁ ውስጥ ይዛችሁት አትክረሙ፤ ከእኛ ጋር አውሩት።

ሥርዓተ ቀብራቸው የፊታችን ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይፈጸማል። መምህራንና ሠራተኞች ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ከዋናው በር በሚነሱት አውቶቡሶች መሄድ ይችላሉ። የሀዘን መግለጫ መዝገብ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተቀምጧል።

ሳምንቱ የፈተና በመሆኑ ክሊኒኩ ዓርብ ዕለትም አይዘጋም። ከሁለቱ ነርሶች አንዷ ወደ ቀብር ትሄዳለች፣ አንዷ ከተማሪዎች ጋር ትቀራለች። ማን እንደምትቀር በዕጣ መለየት ግድ ሆኖብናል፤ ሁለቱም መቅረት ፈልገው ነበርና።

የኮሌጁ ማኔጅመንት፣ የተማሪዎች ጤና ክሊኒክ ባልደረቦችና የተማሪዎች ኅብረት