ጭስ የሌለው ሞተር

ሮቢት
ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰይዳ ሙሀመድሰይድ
ጂዳ

ሰይዳዬ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ይህን ወረቀት ስትቀበዪ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆመሽ ወይም ሥራ ይዘሽ አታንብቢው። እኔም አራት ቀን ሙሉ ስነሳ ስቀመጥ ነው የጻፍኩት። እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አስተማሪያችን «ዓሊማ፣ ፊደል እንደ ምስር አይለቀምም፤ ጻፊው» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አባትሽ ደህና ነው። ደህና ነው የምልሽ አካሉን ነው። ማሽላው ገብቷል፤ ወፉ ከበላው የተረፈን ይበቃናል። ቦራዋ ላም ወልዳለች። ለጥየቃ የመጣችው ኢልሀም ረቡዕ ወደዚያ ስለምትመለስ ይህን በእጇ ትሰጥሻለች፤ አንብበሽ እስክትጨርሺም ካጠገብሽ እንዳትነሳ ነግሬያታለሁ። ለምን እንዳልኳት አሁን ይገባሻል። ዙሪያውን ስዞር ድፍረቴ እንዳያልቅብኝ ስለፈራሁ በአንድ ጊዜ ልጻፈው።

ወንድምሽ አራጌ በወባ አልሞተም።

በወባ ነው ብለው እንዲያረዱሽ ያደረግነው እኛ ነን። አባትሽ «ልጅቷ በሰው አገር ብቻዋን ናት። በላቧ የገዛችልን የውሃ ሞተር ወንድሟን በላው ስትባል ምን ትሆናለች?» አለ። እኔም እሺ አልኩ። ይኸው ወሩ አሥር ሊሞላ ነው፣ እሺ እንዳልኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። በየካቲት የጉድጓዱ ውሃ ሸሸ። ሞተሩ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ቢስብ ቢስብ አየር ብቻ ሆነ። ውሃ ሲሸሽ እዚህ አገር ሰው ሞተሩን ተከትሎ ያወርደዋል። የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ መደብ ይፈለፍሉና ሞተሩን በገመድ አውርደው እዚያ ያስቀምጡታል። አራጌም እንደ ሰው አደረገ። ሁለት ቀን መደቡን ፈለፈለ። በሦስተኛው ቀን ወርዶ አስነሣውና ቱቦው የሚያፈስበትን ቦታ ሊያስር እዚያው ታች ቆየ። እኔ ሽንኩርቱ መካከል ቦይ እመልስ ነበር። ውሃው መጣ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቁርሱን ሊበላ የሚወጣ መሰለኝ። እጄን ታጥቤ ጠበቅሁት። አልወጣም። ብጠራውም ዝም አለ።

አባትሽ ከማዶ ሮጦ መጣና ገመዱን ይዞ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። እኔ ከኋላው ሽርጡንና መታጠቂያውን አንድ ላይ ጨብጬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሙሉ ክብደቴ ነው የተቀመጥኩት። ልጁን ለማውጣት የወረደ አባት አብሮ እንደቀረ አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ሲወራ ሰምቼ ነበር፤ ያ ወሬ ነው እጄን ያጠነከረው። መታኝ። አለቀቅሁትም። ሰው ደርሶ አራጌን በመንጠቆ እስኪያወጣው ድረስ ይዤው ነበር።

ያየው የጤና ባለሙያ «የገደለው የሞተሩ ትንፋሽ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉድጓድ ውስጥ መውጫ ሲያጣ ሰው ላይ ይተኛል» አለኝ። አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጆሮው ግን አልነበረም።

ልጄ፣ እስካሁን ያነበብሽው ያለፈ ነው። ለቅሶውን አልቅሺና ቀጥለሽ ደግሞ ያላለፈውን አንብቢልኝ፤ የጻፍኩልሽ ለሱ ነው።

ሞተሩ ሸራ ለብሶ ከጎተራው ሥር ተቀምጦ ነበር። በመስከረም ያንቺ ደብዳቤ መጣ። «አባባ፣ አራጌ የወደደው ሞተር ዝጎ እንዳይቀር፤ አሠርተህ ሽንኩርት ትከልበት፣ አደራ» የሚል አለበት። በራሴ አፍ ነው ያነበብኩለት። ምን ላድርግ፣ የጻፍሽው እሱን ነው። ወዲያው ተነስቶ ሸራውን ገፈፈው። «አማና ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሥራ የለውም።

አራጌ ቆቦ ሞተር ሠሪው ዘንድ ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ ያየውን ሁሉ በደብተር ጽፎ ነበር። አባትሽ ማንበብ ስለማይችል አንባቢው እኔ ሆንኩ። እሱ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ሞተሩን ፈታትቶ ይቀመጣል፤ እኔ የልጄን ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ አነብለታለሁ። ጎረቤታችን ከበደ፣ ትራክተር ነጂ የነበረው፣ በርጩማውን ይዞ ይመጣና እያየ ይቀልዳል።

መጀመሪያ ገመዱን ቢጎትት ቢጎትት አልነሣ አለ።

«ሙሀመድሰይድ፣ ቢስሚላህ ሳትል ነው የሳብከው» አለው ከበደ።

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ሞተሩ ክርስቲያን ነው፤ እኔ ልሞክረው።»

እሱም ሞከረ፣ ትከሻውን አሞት ተቀመጠ። ደብተሩ «የቆየ ቤንዚን አይነድም፤ አውጥተህ ድፋ» ይላል። የከረመውን ደፍቶ ከቆቦ አዲስ አመጣ። አሁንም እምቢ አለ። «ካንዴላውን ፍታ፣ ከሞተሩ ብረት አስነክተህ ገመዱን ሳብ፣ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ጤነኛ ነው» ይላል። ካንዴላው እንደ ምጣድ ጠቁሮ ነበር፤ ጠረገውና ብልጭ አለ። ቀጥሎ ካርቡራተሩን ፈታ። ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን የጠበበች ናት፤ ቤንዚኑ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ደፍኗታል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት ክር መዝዞ በሷ ጠረገ። መነጽር የለው፣ ዓይኑ እየፈሰሰ። የዚያን ቀን ሞተሩ ተነሣ።

ሲነሣ ጥቁር ጭስ ተፋ። አባትሽ ወዲያው አጠፋውና ደብተሩን ጠቆመኝ። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ እጠበው ይላል። አጠበው፣ አደረቀው፣ ጥቁሩ ጠፋ። በቦታው ነጭ ጭስ መጣ።

ሐሳቡ የገባኝ ያኔ ነው። «አንተ፣ ውሃ ካወጣ አይበቃም? ጭሱ ምን አደረገህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና «ልጄን የገደለው ጭሱ አይደለም? ጭሱን ካጠፋሁለት ምን የሚያስፈራ ነገር አለው?» አለኝ። «ጥር ሲያልቅ፣ ውሃው ሲሸሽ፣ እኔ ራሴ ነኝ ይዤው የምወርደው።»

የባለሙያውን ቃል ደገምኩለት። የማይታይ ነው አልኩት። «የማይታይ ጭስ አለ? ጂን ነው?» አለኝ። ሰይዳ፣ አየሽልኝ? ሞተሩ በዳነ ቁጥር እሱ ያምነዋል። ባመነው ቁጥር ወደ ጉድጓዱ ይቀርባል።

አሁን ኃጢአቴን ልንገርሽ። ደብተሩ ላይ «ነጭ ጭስ ካወጣ ዘይት በዝቶበታል፤ እስከ ምልክቱ ቀንስለት» የሚል መስመር አለ። የአራጌ እጅ ነው፣ ቁልጭ ያለ ነው። ዘለልኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያን ገጽ ባስነበበኝ ቁጥር ከላዩ ወደ ታቹ ዘለልኩ። አባትሽ ካንዴላውን እንደገና ፈታ፣ ካርቡራተሩን እንደገና ፈታ፣ ምንም። ጭሱ ሲወጣ ሳይ ነፍሴ ትመለስ ነበር። የልጄን ቃል ደብቄ አባቱን አቆየሁ። እንዲህ እየዘለልኩ ጥርንም የማሳልፍ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው አርብ ከመስጊድ ሲመለስ ደብተሩን ብብቱ አድርጎ ከበደ ቤት ገባ። ሲመጣ የዘይቱን ክዳን ፈታ፣ ትርፉን በጣሳ አወጣ፣ መልሶ ዘጋ። ገመዱን አንድ ጊዜ ሳበው። ሞተሩ ተነሣ። ጭስ የለውም።

ነጭ ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወለቀና ከጭስ ማውጫው ፊት ያዘው። ቆይቶ አዙሮ አሳየኝ። ኮፍያው እንደታጠበ ነው፣ ነጥብ አልነካውም። «አየሽ፣ ንጹሕ ነው» አለኝ። ፈገግ ሲል ጥርሱን አየሁት። አራጌ ከሞተ ወዲህ ጥርሱን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኢድም አልፎ አላየሁትም ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔን ወደ ጉድጓዱ መለስኩ።

ቀስ ብሎ «መነጽር ያስፈልግሻል፣ ዓሊማ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ሁሉ ከበደ ዘንድ ነው የሚነበበው።

ከበደን ለብቻው ለምኜዋለሁ። «እኔ ትራክተር የነዳሁት ሜዳ ላይ ነው፣ ጉድጓድ አላውቅም፤ ግን እነግረዋለሁ» አለኝ። ነገረውም። አባትሽ «ሰይዳ አደራ ብላኛለች፣ አደራ አይበላም» ብሎ መለሰለት። ኢማሙ ቢነግሩትም ያው ነው። ገመድ አዲስ ገዝቷል። መደቡን ለማስፋት ዶማውን አስልቷል።

ያላሰብኩት ነገር የለም። ያንቺ ደብዳቤ ነው ብዬ ከልቤ ፈጥሬ ላነብለት አስቤ ነበር። አሁን አያምነኝም፤ ከበደ ሲያየው ባዶ ይሆናል። ቆቦ ወርደን ስልክ ብናስጠራሽም ድምፅሽን ሲሰማ ከማልቀስ በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ስለዚህ የግድ አንቺ በራስሽ እጅ ጻፊ። አደራ ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ የምትፈቺውም አንቺ ነሽ። እውነቱን ሳታውቂ ደግሞ እንዴት ትጽፊያለሽ? የነገርኩሽ ለዚህ ነው፣ ልጄ። ስለጨከንኩ አይደለም።

እንዲህ በይው። «አባባ፣ ሁሉን ሰምቻለሁ። ሞተሩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይሥራ፤ አንድ ክንድ ታች እንዳይወርድ። ውሃው ሲሸሽ ሽንኩርቱ ይድረቅ። አደራዬ ሽንኩርቱ አይደለም፣ አንተ ነህ።» የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከኔ ይልቅ ላንቺ ቃሉ ቀና ነው። ጥር ሳይጋመስ ይድረስልኝ።

ሌላም አለ። አንድ ቀን ብቻ፣ ሚያዝያ ላይ፣ «ያን ጊዜ ብትለቂኝ አወጣው ነበር» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ የአራጌን ስም አንስቶ አያውቅም። አሁን ገመዱን ሲለካ አየዋለሁ። ለሽንኩርት የሚለካ ሰው እንዲያ ዝም ብሎ ወደ ታች አያይም። ይህን በደብዳቤሽ አትጻፊው፣ ከበደ እንዲያነበው አልፈልግም፤ አንቺ ብቻ ያዢው።

አንቺም ልብሽን አታቃጥዪ። ሞተር ላክሽልን፣ ውሃ ጠጣንበት፣ አትክልት በላንበት። ጉድጓድ ያወረድነው እኛ ነን። ወንድምሽ ሲሞት አንቺን አመስግኖ ነው፤ ያን ማለዳ «ሰይዳ ስትመጣ ውሃ ሲፈስ ታያለች» ብሎኝ ነው የወረደው።

ደብዳቤሽ ባይደርስልኝ ያን ቀን የያዝኩትን ዛሬም እይዘዋለሁ። ግን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ልጄ፤ ብቻዬን ነኝ። አብረሽኝ ያዢው።

አላህ ሰብሩን ይስጥሽ። እጅሽን ከእሳት፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ። ከሠራተኛ ዓይን፣ ከአሠሪ ክፉ ቃል ይሰውርሽ። ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

እናትሽ
ዓሊማ

ወረቀቱን ላጥፍ ስል አባትሽ ሞተሩን እያሠራ ነበር፤ ድንገት ቀጥ አለ። ብዕሩን ጥዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ቆየ። ከዚያ ቁርቁራው ሥር ሲያስል ሰማሁት። አልሃምዱሊላህ።