ቀሚሱን አውጥተው አልጋውን ላስገቡልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የአሳታሚው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ፤ ያልደከሙበትን መጽሐፍ በመቀስ ሲከረክሙ መዋል ወገብ ሳያሳምም አይቀርምና።

እኔ ከደንበኞችዎ አንዷ ነኝ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በእንግሊዝ አገር በእንደራሴው ዘመን፣ በመሳፍንትና በወይዛዝርት መካከል ስለነበረው ፍቅር የሚተርኩትን ልብ ወለዶች እርስዎ ከመሾምዎ በፊት ጀምሮ ከድርጅትዎ ስገዛ ኖሬአለሁ። የምገዛቸው ለራሴ ብቻ አልነበረም። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሴት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ባለሙያ ናቸው፤ ዐይናቸው ከጠፋ ወዲህ ግን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከመዋል በቀር ሥራ የላቸውም። እኔና እርሳቸው፣ ምን እደብቅዎታለሁ፣ አይጥና ድመት ነበርን። «የልጄ ሚስት» ነበር የሚሉኝ፤ እሱንም ሲጠሩኝ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ተኮራርፎ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ልጅቷ ለዳንሱ ግብዣ የለበሰችው፣ ከደረቷ በታች በሐር ጥብጣብ የታሰረው ስስ ነጭ ቀሚስ ሲነሳ የአማቴ ጣቶች ተንቀሳቀሱ፤ በአየር ላይ ጨርቅ ይለኩና ይቆርጡ ጀመር። «ቆይ ቆይ፣ እጅጌውን ድገሚልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ልጄ! ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የእነዚህን መጻሕፍት ጣዕም እንደማያውቁት ሥራዎ ስለመሰከረ፣ በአጭሩ ላስረዳዎ ይፍቀዱልኝ። መስፍኑና ልጅቷ ይተዋወቃሉ፤ ወዲያው ይናናቃሉ። ጥግ የተቀመጠችው አክስቷ ዐይኗን ከእነርሱ ላይ አትነቅልም። ከስንት ዝናብ፣ ከስንት ሠረገላና ከስንት ኩርፊያ በኋላ፣ መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረው፣ መስፍኑ ጎንበስ ብሎ ጓንት ያጠለቀ እጇን ይስማል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚያች አንዲት መሳም ግን ቤታችን በእልልታ ይደምቅ ነበር፤ ጋዜጣ የሚያነብ መስሎ ጆሮውን የሚጥለው ባለቤቴ እንኳ «እሰይ!» ብሎ ራሱን ያጋልጥ ነበር።

ከዚያ እርስዎ መጡና «የተሻሻለ እትም» አወጡ። ስለ ማሻሻልዎ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በመግቢያው ላይ በራስዎ ፊርማ «ለዘመኑ አንባቢ ሲባል አላስፈላጊ ዝርዝሮች ተቀንሰዋል» በማለት ልብሱን ሁሉ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ድሮ አንድ ገጽ ሙሉ ትለብስ የነበረችው ልጅ አሁን «አምራ ለብሳ» ትወጣለች። አምራ ለብሳ! ከምን ጨርቅ? በምን ስፌት? ለነገሩ ይህን እርስዎን መጠየቅ ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ በተረፈው ቦታ አልጋ ስላስገቡበት ምስጋናችን ወደር የለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተን ነበር፤ በእርስዎ ዘመን ግን እንቁላሉ በሦስተኛው ምዕራፍ አልጋ ላይ ወጣ። ምስኪኗን አክስት የት እንዳባረሯት እግዜር ይወቅ። እኔም ምን እንደሚጠብቀኝ ሳላውቅ፣ አማቴ ፊት ድምፄን አሳምሬ ሳነብ፣ አፌ ከሐሳቤ ቀድሞ ኖሮ መጽሐፉን ስዘጋ መስፍኑ ሸሚዙን አውልቆ ጨርሷል። ወይ መዋረድ!

ሦስተኛውን ግን በምስጋና ማለፍ አልቻልኩም። አማቴ ማየት አይችሉም፣ ክቡር ሆይ። ስለዚህ ጨርቁን የዘለልኩት እኔ፣ ቶሎ ልገላገላቸው ብዬ፤ ብልግናውን የጨመርኩትም እኔ፣ ላዋርዳቸው ብዬ እንደሆነ አመኑ። «አለማየቴን አይተሽ ተጫወትሽብኝ» አሉኝ። ባለቤቴ ቢምል ቢገዘት «አንተ ደግሞ የሚስትህ ጠበቃ» ተባለ። ጎረቤታችን መጥታ ያንኑ ገጽ ብታነብላቸው «አስጠንታሻለች» አሏት። የድሮውን እትም አውጥቼ ብጀምር «እዚህስ ላይ ምን ጨመርሽበት?» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አሁን ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድመው ይውላሉ፤ እኔም ወደ «የልጄ ሚስት»ነቴ ተመልሻለሁ። እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ የከረከሙት ነገር ለእኔ እናት ያገኘሁበት ነበር፤ ልብ ቢኖርዎ ኖሮ ይገባዎት ነበር።

ገንዘቤን መልሱ አልልም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤታችን ተገኝተው፣ በአማቴ ፊት ቆመው፣ «ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ምራትዎ አንድም ቃል አልዘለለችም፣ አንድም ቃል አልጨመረችም» ብለው እንዲመሰክሩልኝ ነው። ይህን ለማለት መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግምና አይከብድዎትም።

ለመቀስዎ ስለትና ለዐይንዎ ድርቀት ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ እስከ ምድር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣
የቀድሞ ደንበኛዎ፣ የአማቷ ምራት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዲወጣልኝ ከመላኬ በፊት ለአማቴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው በጥሞና ሰሙኝና ልቤ በተስፋ ዘለለ። ስጨርስ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደመወዝ እየተከፈለው፣ አእምሮውም እያለ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው እግዜር አልፈጠረም፤ እሱንም አንቺ ነሽ የፈጠርሽው» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ስለ እርስዎ የሰማሁት ደግ ቃል ይህ ብቻ ነው፤ እባክዎ ይምጡና ያፍርሱልኝ።